እጃችንን ያወጣነው እኛ ነን

ወገኖቼ፣ የባሕር ዳር ሰዎች፣ ዛሬ የምናገረው ለአክሲዮን ማህበራችን ቦርድ አይደለም። ለእናንተ ነው፤ ለራሴም ጭምር።

ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ የሆነውን ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። አብረን ነበርን። ግን ከዚያ ወዲህ ማንም ሲያነሳው አልሰማሁም።

ሐይቁ ዳር አሳ ጠብሰው የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ለዓመታት ካጠራቀሙት ላይ ከማህበራችን አሥር አክሲዮን ገዝተዋል። የዚያን ቀን ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አንድ ሃይላንድ ውሃ ይዘው መጡ። ሰልፉ ላይ ከኋላዬ ስለነበሩ በደንብ አይቼዋለሁ። ጭስ የመሰለ ውሃ ነው። ከሥሩ ዝቃጭ ተኝቶበታል። ሲነቀነቅ አረፋ ይደፍቃል። የፋብሪካችን ቱቦ ሐይቁ ላይ ከሚደፋበት ቦታ ጠዋት በእጃቸው ቀድተውት ነው።

በሩ ላይ ጥበቃው «ፈሳሽ ይዞ መግባት አይቻልም» አላቸው። አስቀምጠው ገቡ። ውስጥ በየጠረጴዛው የታሸገ ውሃ ተደርድሮ ነበር።

ሪፖርቱ ተነበበ። «ማህበራዊ ኃላፊነት» የሚለው ገጽ ላይ ሦስት ፎቶ አለ። የቦርድ አባላቱ ችግኝ ሲተክሉ፣ ደብተር ሲያድሉ፣ እምቦጭ ሲነቅሉ። ሁለት ገጽ አልፎ ደግሞ አንድ መስመር አለች፦ የፍሳሽ ማጣሪያው ግንባታ ለሦስተኛ ጊዜ ወደሚቀጥለው በጀት ዓመት ተላልፏል።

እሳቸው እጃቸውን አወጡ። ማይኩ ዘግይቶ ደረሳቸው። «እኔ አሳ ጠብሸ ነው የምኖር» አሉ። «ልጆቹ ቱቦው አካባቢ መረብ መጣል ትተዋል። አተላ ይዞ ነው የሚወጣ። ለእኔ የሚደርሰኝን ትርፍ ውሰዱትና ማጣሪያውን ሥሩበት።»

ሰብሳቢው «እማማ፣ እሱ አጀንዳችን አይደለም፤ በሻይ ሰዓት እናነጋግርዎታለን» አላቸው። ከኋላ አንዱ «ድርሻችንን ንገሩን!» ብሎ ጮኸ። አጨበጨብን። እሳቸው ገና ቆመው ሳሉ አጨበጨብን! ማይኩም ከእጃቸው ተወሰደ።

ምሳ ላይ የአሳ ኮተሌት ቀረበ። በላን።

ስንወጣ ሃይላንዳቸውን ጠየቁ። ጥበቃው ውሃውን አበባው ላይ ደፍቶ ባዶውን ለቆራሌው ሰጥቶታል። ምንም አላሉም። እጃቸውን በነጠላቸው ጠርገው ሄዱ።

ጥበቃውን አልተቀየምኩም፤ የታዘዘውን ነው ያደረገው። ይቅር ማለት ያቃተኝ ጭብጨባውን ነው።

ቦርድ ከሰማይ አይወርድም። የምንመርጠው እኛ፣ የምንሽረውም እኛ ነን። ሥራ አስኪያጁን የሚሾመው ቦርዱ ነው። ማጣሪያው ዘንድሮ ይሠራ ወይስ ይተላለፍ የሚለውም እዚያው ይወሰናል። በትርፍ ብቻ የሚጠየቅ ቦርድ ለቱቦው ለምን ይጨነቃል? ማህበራዊ ኃላፊነቱን ለሕዝብ ግንኙነት ክፍል ሰጥቶ ፎቶ ይነሳል። ችግኝ መትከል ጥሩ ነው። ግን መጀመሪያ ቱቦው። ያ ፎቶ የተነሳበት እምቦጭ እኮ የሚፋፋው ከከተማና ከፋብሪካ በሚገባው ፍሳሽ፣ ከማሳ ታጥቦ በሚመጣው ማዳበሪያ ነው። በአንድ እጃችን እየነቀልን በሌላው እየቀለብነው ነው።

ህንድ በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የኩባንያዎች ሕግ፣ ትልልቅ ኩባንያዎች ቦርዳቸው ውስጥ የማህበራዊ ኃላፊነት ኮሚቴ እንዲያቋቁሙ፣ ከሦስት ዓመት አማካይ ትርፋቸውም ቢያንስ 2 በመቶውን ለዚሁ እንዲያውሉ ታስገድዳለች። ያላወጣ ቦርድ ምክንያቱን በሪፖርቱ ይጽፋል። እኛም ሕግ አላጣንም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 92 አካባቢን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ ነው ይላል። ዜጎች ማለት እኛ ነን። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ደስ ብሎን የለም?

እኔስ? ውሃውን አይቻለሁ። «እውነታቸውን ነው፣ እኔም አይቻለሁ» ለማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። የልጄን የትምህርት ቤት ክፍያ በልቤ እያሰላሁ ነበር። የአንድ ሺህ ብር አክሲዮን ስንት ወለደ የሚለውን ነበር የምጠብቀው። ትርፉ ሙሉ በሙሉ ይከፋፈል ሲባል እጄን አወጣሁ። ድምፅ ቆጣሪዋ በአጠገቤ ስታልፍ ከፍ አድርጌ አወጣሁ፣ እንዳታልፈኝ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔ ግን ውስጤን በልቶታል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሴትየዋ ጋ ሄድኩ። መጥበሻቸው ላይ ጎንበስ እንዳሉ ቀና ብለው አዩኝ። «አንተም ነበርህ አይደል?» አሉኝ። «ነበርኩ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

አሁን አንድ ማመልከቻ አዘጋጅተናል። ማጣሪያው ለመጪው ጉባኤ አጀንዳ ሆኖ ይያዝ፣ ወጪውም ከትርፉ ይነሳ የሚል ነው። መጀመሪያ የፈረሙት እሳቸው ናቸው፤ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለዩ። እስካሁን 17 ሰው ፈርሟል። አዳራሹ ውስጥ ስንት እንደነበርን ታውቃላችሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደክሞኛል። የደወልኩላቸው ብዙዎቹ «እስቲ እናያለን» ብለውኛል። ቢሆንም ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እሳቸው አሳ ከሚጠብሱበት ጎን ወረቀቱን ይዤ እቀመጣለሁ። እስክሪብቶ አለኝ።