«የቱ ቅጂ ይበልጣል?» ከማለታችን በፊት

ባለፈው እሁድ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር፣ አንድ ጓደኛዬ ቤት ተሰብስበን ነበር። በየወሩ እንገናኛለን። ክላሲካል እንሰማለን፣ ቡና ይፈላል፣ ከዚያ ክርክር ነው። የዕለቱ ሥራ የጀርመናዊው አቀናባሪ ባኽ ጎልድበርግ ቫሪየሽንስ ነበር፤ አሪያ በሚባል መክፈቻ ዜማ ይጀምርና ቫሪየሽን የሚባሉ ሠላሳ ልዋጮች ይከተሉታል። ተጫዋቹ ደግሞ ካናዳዊው ፒያኒስት ግሌን ጉልድ። ጉልድ ይህን ሥራ ኒውዮርክ ስቱዲዮ ገብቶ ሁለት ጊዜ ቀርጾታል፤ እ.ኤ.አ. በ1955 እና በ1981። የመጀመሪያው 38 ደቂቃ ገደማ ነው፣ የኋለኛው ወደ 51 ይጠጋል።

ገና ሳይከፈት አንዱ ፈረደ። «የኋለኛው ይንቀረፈፋል፣ የመጀመሪያውን ስሙ።» ሌላው ቀበል አድርጎ «የመጀመሪያውማ ጥድፊያ ነው፣ የበሰለው ኋላ ነው» አለ። ሁለቱም የተናገሩት ከዓመታት በፊት ያነበቡትን ነው። እኔም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ብያለሁ፣ ለዚህ ነው ነገሩ የሚያሳስበኝ።

የቱ ይበልጣል የሚለው ይቆየን። መጀመሪያ ምን ሰማህ? የቱ ጋ?

እስቲ ይህንኑ «መንቀርፈፍ» እንየው። ባኽ የእያንዳንዱን ክፍል ሁለት አጋማሽ እንዲደገም አድርጎ ነው የጻፈው። ጉልድ መጀመሪያ ሲቀርጽ ድግሙን ተወው፤ በኋላ ግን በአንዳንዶቹ ክፍሎች የፊተኛውን አጋማሽ ደገመ። ስለዚህ ከተጨመረው ጊዜ ከፊሉ ድግም ነው እንጂ ዝግታ አይደለም። መክፈቻው አሪያ በእርግጥም ዘግይቷል፤ በፊተኛው ሁለት ደቂቃ አይሞላም፣ በኋለኛው ከሦስት ያልፋል። ግን 25ኛውን ቫሪየሽን ስሙ፣ ያንን ሐዘን የተሞላውን። በፊተኛው፣ ጥድፊያ በተባለው ቅጂ፣ ስድስት ደቂቃ ተኩል ሊሞላ ምንም አይቀረው፤ ቀርፋፋ በተባለው ደግሞ ከስድስት ደቂቃ እምብዛም አያልፍም። ይህን የሰማ ሰው ቅጂውን በአንድ ቃል ጠቅልሎ አይጥልም።

ያን ቀን ከሁላችንም በላይ የሰማው ግን የቤቱ ባለቤት አጎት ነበር፣ በልጅነታቸው ድጓ የተማሩ መሪጌታ። የባኽን ስም ከዚያ በፊት አልሰሙም። ጥግ ቁጭ ብለው ቡናቸውን እየጠጡ ሳሉ «ከበገናው ጋር የሚያንጎራጉረው ማነው?» ብለው ጠየቁ። በገና ያሉት ፒያኖውን ነው። ጉልድ ሲጫወት ያንጎራጉር ነበር፣ ቀረጻው ላይም ይሰማል። ጥቂት ቆይተን «መሪጌታ፣ እስቲ እርስዎ ይበሉ» ስንላቸው «ላይ ላዩ ይለዋወጣል፣ ሥሩ ግን ያው ነው» አሉ።

እኔ ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አስፈልጎኛል! ሠላሳዎቹ ቫሪየሽኖች የቆሙት በአሪያው ዜማ ላይ አይደለም፣ ከሥር በሚሄደው ባስ፣ በወፍራሙ የታች ድምፅ ላይ ነው። እሳቸው ግን ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብር እየተባለ አንዱ ድጓ በተለያየ ስልት ሲዜም የሰሙ ሰው ናቸው፤ ልዩነቱ የቱ ጋ እንደሆነ ለይቶ መናገርን ከልጅነት ጀምረው ተምረውታል። ይህ ጆሮ በአገራችን አለ። እዚሁ ጣና ዳር። እኛ የውጭ ሰው ፍርድ እየተዋስን የምንከራከረው ለምንድን ነው?

ሌላው፣ እባካችሁ በስልክ ስፒከር ሰምታችሁ አትፍረዱ። ሐይቁ ዳር ካፌ ተቀምጠን፣ ንፋሱ እየነፈሰ፣ ስልኩን ብርጭቆ ላይ አስደግፈን ስንቱን ፒያኒስት ኮንነናል። ትንሽ ስፒከር ባሱን ይውጠዋል፤ የዚህ ሥራ መሠረቱ ደግሞ ባሱ ነው። ደህና ኢርፎን እንኳ ብዙ ይለውጣል።

በፒያኒስቷ መነኩሴ በእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ላይም ያው ነው የምንሠራው። የመጀመሪያ ሸክላቸው ጀርመን አገር ከታተመ፣ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ፣ ዘመን አልፏል፤ እኛ ግን ዛሬም «ያረጋጋል» ብለን እናልፋቸዋለን። ቀኝ እጃቸው ምቱን ጥሎ ሲሄድና ሲመለስ፣ ግራው ሲጠብቀው አልሰማችሁም? እሱን ንገሩኝ።

በሚቀጥለው ወር 25ኛውን ብቻ እንሰማለን፣ ከሁለቱም ቅጂ፣ የትኛው የቱ እንደሆነ ሳይነገረን። የሚያውቀው የቤቱ ባለቤት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ቃል የመሪጌታ እንዲሆንም ተስማምተናል።