ማስተካከያ፦ በደቂቃ ሳይሆን በሰዓት

ባለፈው ስለ ጠብታ መስኖ ስጽፍ ባለ 2 ሊትር ማንጠባጠቢያ (ቱቦ ላይ የሚገጠም፣ ውኃን በጠብታ የሚለቅ ትንሽ ዕቃ) «በደቂቃ 2 ሊትር ያወጣል» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ በሰዓት ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። እኔን አምናችሁ፣ አንድ ሊትር ወጥቷል ብላችሁ ውኃውን በግማሽ ደቂቃ የዘጋችሁ ካላችሁ፣ ማሰሮው ውስጥ ያለው ጤና አዳም በጣም ጥቂት ውኃ ብቻ ነው የደረሰው። ከልብ ይቅርታ። አንድ ሊትር ለማግኘት 30 ደቂቃ ይፈጃል።

እናንተም ለኩት። ከማንጠባጠቢያው ሥር ብርጭቆ አስቀምጡና 6 ደቂቃ ጠብቁ። 200 ሚሊ ሊትር ገደማ መሙላት አለበት። በጣም ካነሰ ወይ ቀዳዳው በአሸዋ ተደፍኗል፣ ወይ የውኃው ግፊት ደካማ ነው።

«አንድ ማንጠባጠቢያ ይበቃል» ያልኩትም ለትንሽ ማሰሮ ብቻ ነው። ለጎመን መደብ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ማንጠባጠቢያ ያለው ቱቦ ዘርጉ።