ውሃው እኛ ነን

ወገኖቼ፣ ዛሬ አንድ የድሮ ግጥም ይዤ መጥቻለሁ። ላስተምራችሁ አይደለም። ልቆጣችሁ ነው። ቁጣው ለእኔም ይደርሰኛል።

ግጥሙን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የከበደ ሚካኤል «አዝማሪና የውሃ ሙላት» ነው። ወንዝ ሞልቷል። አዝማሪው መሻገር አልቻለም። በእጁ ያለው ዘፈኑ ብቻ ነው፤ ዳር ቆሞ ውሃውን በዘፈን ይለማመጠዋል። አንድ መንገደኛ ይደርስና ነገሩ ይገርመዋል። በእኔ ቃል ላሳጥረውና፣ የዘፈንክለት ውሃ እኮ ሄዷል፤ አሁን የሚመጣው ደግሞ አልሰማህም፤ እሱም ሳይሰማህ ያልፋል፣ ነው ነገሩ።

ልጆች ሆነን ይህን ግጥም ክፍል ፊት ቆመን በቃላችን እንወጣው ነበር። ሁሌም አዝማሪው ላይ ስንደርስ እንስቃለን። «ከዚህ ምን ተማራችሁ?» ስንባል መልሱ አንድ ነበር፤ ለማይሰማ መዝፈን ሞኝነት ነው። እጅ አውጥቶ ስለ ውሃው የጠየቀ አንድም ልጅ አላስታውስም።

አድገንም ከዚያች ክፍል አልወጣንም። ዘፋኙ ሲናገር «ምን አገባው፣ አርፎ አይዘፍንም?» እንላለን። ዝም ሲል «ሆዳም» እንለዋለን። አገር በተናጋ ቁጥር «የጥበብ ሰዎች የት ገቡ?» ብለን እንፎክራለን። ሰሚው የት ገባ? ይህን ማን ጠየቀ?

አዝማሪውን ነፃ ላወጣው አልፈልግም። ለሞላ ወንዝ ሁሉ ውዳሴ የሚደረድር ጥበበኛ አለ። ዛሬ ለዚህ ሙላት፣ ነገ ለሚቀጥለው። የመንገደኛው ቃል እሱንም ይነካዋል፣ ይንካውም። ግን ስለ እሱ በቂ ተብሏል። ስለ እኛ ነው ያልተባለው።

ካዛንቺስ ከመፍረሱ በፊት አንድ ማታ ከጓደኞቼ ጋር አዝማሪ ቤት ገባን። ቤቱ ጠባብ ነው። አዝማሪው በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው ነበር። መሰንቆውን ደረቱ ላይ ደገፍ አድርጎ በየጠረጴዛው ይዞራል። አንዱ ስሙን በጆሮው ሹክ አለው፤ ወዲያው ያ ስም ከነጀግንነቱ፣ ከነአያት ቅድመ አያቱ ተዘፈነ። መቶ ብር ግንባሩ ላይ ተለጠፈለት። ሌላው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ወረወረ። አዝማሪው ተቀበለ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ከዚያ ደጋኑን ቀስ አደረገው። የጭራዋ ድምፅ ቀጠነ። ማንም ያላዘዘውን ግጥም ጀመረ። ስለ አንዲት እናት ነበር፣ እስከዚያ ድረስ ሰምቻለሁ። ገና ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ከጎናችን ያለው ሰው አስተናጋጇን ጠራ። እዚያ ጥግ ወሬ ተጀመረ። እኔም ስልኬን አወጣሁ። መልእክት አልመጣልኝም፤ እንዲሁ ነው ያወጣሁት። ቀና ስል ዘፈኑ አልቋል። አንድ ሰው አጨበጨበ። አዝማሪው ፈገግ ብሎ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሄደና «ጌታዬ፣ ስምዎን ማን ልበል?» አለ።

አያችሁ ማን ምን እንዳስተማረው? ለስማችን መቶ ብር ከፈልን። ለእናትየዋ ጆሮ ነሳናት። ነገ ይኸው ሰው ውዳሴ ብቻ ቢዘፍን «አዝማሪ ድሮም ሆዱ ነው» ልንል ነው። ያልሰማ ጆሮ ከጎረቤት ያጣላል ይባላል። እኛን ከገዛ ድምፃችን አጣልቶናል።

አዝማሪ የሚለውን ስም እንኳ ስድብ ያደረግነው እኛ ነን። ቃሉ ከግዕዙ «ዘመረ» የመጣ ነው፤ ዝማሬም መዝሙርም ከዚያው ቤት ናቸው። ሰርጋችንን እንዲያደምቅልን እንጠራዋለን። ልጃችንን ግን አንድርለትም።

የዚህን ሰው ዋጋ ከእኛ ይልቅ ጠላት ያውቅ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ የሆነውን ጭፍጨፋ ታውቃላችሁ። በመጋቢት ደግሞ ግራዚያኒ ጠንቋዮች፣ ተረት ነጋሪዎችና አዝማሪዎች እየታደኑ እንዲገደሉ አዘዘ። አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ የያዘ ጦር መሰንቆ የያዘን ሰው ፈራ። ለምን ፈራ? መሰንቆውን አይደለም። ሰሚውን ነው የፈራው። ጣሊያን ይወጣል የሚል ወሬ ከገበያ ገበያ ይዞር ነበር። ገበያተኛው የሰማውን ሸክፎ ቤቱ ይገባል፣ ለጎረቤቱ ይነግራል፣ ጎረቤቱ ለልጁ። የዚያን ጊዜ ሰሚ ውሃ አልነበረም። ውሃ ቢሆን ኖሮ ግራዚያኒ ጥይቱን ባላባከነ።

በዓሉ ግርማንም አስቡት። «ኦሮማይ» በ1975 ወጣ። መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፣ በዓሉ ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። በዘመኑ ዝም ባለው አንባቢ ላይ አልፈርድም፤ መናገር ሕይወት ያስከፍል ነበር። የምፈርደው ዛሬ በእኛ ላይ ነው። ማን ከልክሎን ነው? የበዓሉን ፎቶ እንለጥፋለን፣ «ጀግና» ብለን እንጽፍበታለን። መጽሐፉን ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነበበ ስንት ሰው ታውቃላችሁ? ሰውየው ነፍሱን የከፈለበትን ነገር ምን እንደሚል ሳናውቅ ስሙን እንደ ጌጥ አንጠልጥለን እንዞራለን። ይሄ ደግሞ ከማለፍ የባሰ ማለፍ ነው።

የቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ስንት ዘመኑ። ዛሬም ሙሉ አልበም በቴሌግራም እንቀባበላለን፣ መጽሐፍ በፒዲኤፍ እንለምናለን። ያው ሰውዬ አልጋ ላይ ሲወድቅ የባንክ ቁጥሩን የምናዞረው እኛው ነን። ሲሞት ደግሞ እንደ ጎርፍ እንወጣለታለን። በሕይወት ሳለ ያልሰማነውን ሰው ሬሳውን አጅበን እናለቅሳለን፣ በነጋታው ጆሮ ዳባ ልበስ።

ወገኖቼ፣ ተዉ። እባካችሁ ተዉ። አንድ ዘፈን ሲለቀቅ ከሁሉ በፊት «የማን ወገን ነው?» እንላለን። «ምን አለ?» ማለት ከብዶን ነው? ያለው ነገር ካልጣመን እንሟገተው። ለስንኙ ስንኝ እንመልስለት፤ «ተቀበል!» ማለት እኮ ባህላችን ነው። የሚሟገት ሰው ሰምቷል። መጽሐፍ ከገዛን እስከ መጨረሻው እንግለጠው። አንድ ግጥም ልባችንን ከነካን ማታ ለልጆቻችን በቃላችን እንበለው፣ ተሳስተንም ቢሆን። ጥበበኛ ብቻውን አገር አይቀይርም። የጮኸው ነገር ሥራ የሚጀምረው እኛ ቤት ሲገባ ነው። ቤታችን ካልገባ የወንዝ ዳር ጩኸት ነው፣ መንገደኛውም እውነቱን ነው።

ያን ማታ ልንወጣ ስንል እግሬ አልሄድ አለኝ። አዝማሪው በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ውሃ ይጠጣ ነበር። መሰንቆውን ጭኑ ላይ አስተኝቶታል። ጠጋ ብዬ «አባባ፣ ያቺ የእናትየዋ ግጥም... አንዴ ይድገሙልኝ» አልኩት።

ትንሽ አሰበ። ደጋኑን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው።

«እሷማ ሄደች ልጄ» አለኝ። «እዚያው የመጣች ነበረች።»