አንዲት ካሴት ለመስማት ሦስት ወር

አንዲት ካሴት ለመስማት ሦስት ወር ሙሉ ተንከራተትኩ። አንዲት! ባለ 90 ደቂቃ ናት፤ ጀርባዋ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ለእህቴ፣ ጅዳ» ተብሎ ተጽፎባታል። እናቴ መጻፍ ስለማትችል ጅዳ ለነበረችው አክስቴ ደብዳቤዋን በድምጿ ነበር የምትልከው። እናቴ ዛሬ የለችም። ካሴቷ አለች፣ ማጫወቻ ጠፋ።

መጀመሪያ አዲስ ገዛሁ። ብሉቱዝ አለው፣ እንደ ስልክ ቻርጅ ይደረጋል ተባልኩ። ለሙከራ አንድ የሰርግ ዘፈን ከተትኩበት፤ ዘፋኙ ወባ የያዘው ይመስል ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ክሩ በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ሳይፈጥን ሳይዘገይ መሄድ አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ውስጡ የሚሽከረከረው ክብ ከበድ ማለት ነበረበት። የኔው የጠርሙስ ክዳን ያህል እንኳ አይመዝንም። ልቀይረው ብል፣ ከአዳዲሶቹ አብዛኞቹ ቀለማቸው እንጂ ሆዳቸው አይለያይም፤ ከአንድ የጃፓን ሥሪት የተቀዳ ርካሽ ማሽን ነው። የክሩን ሽሽታ የሚቀንሰው ዶልቢም በአብዛኞቹ ላይ የለም።

እሺ፣ አሮጌ ይሻላል አልኩ። ሶኒ ዎክማንን፣ ያንን በእጅ ይዘውት የሚዞሩትን ትንሽ ካሴት ማጫወቻ፣ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ ጥሩ ጥሩዎቹ ከብዙ ሻጮቻቸው በዕድሜ ይበልጣሉ። አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ አንድ ገዝቶ በሰው ላከልኝ። ሻጩ «አልሞከርኩትም፣ ግን ንጹሕ ነው» ብሎት ነበር። አልሞከርኩትም ማለት ሞክሬው እምቢ ብሎኛል ማለት መሆኑ አሁን ገባኝ! ሁለት ድንጋይ ከትቼ ስጫነው ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ካሴቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ብከፍተው ቺንጋው ቀልጦ እንደ ሬንጅ ተለጥፏል። ከጣቴ ላይ በአልኮል ለማስለቀቅ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። መርካቶ የወሰድኩለት ባለሙያ ገልበጥ አድርጎ አየውና «ይህን የሚሠራ ሰው ድሮ ነበር» ብሎኝ ስልክ መጠገኑን ቀጠለ።

እንደምንም ቺንጋ አግኝቼ አስገባሁለት። ዞረ! ድምፁም ግሩም ነበር፣ ለአራት ደቂቃ። ከዚያ የሰርግ ዘፈኑን ክር በላው። አንድ ክንድ የሚያህል የተጨማደደ ክር ከጎማው ሥር መዝዤ በእርሳስ ሳጠነጥን አመሸሁ።

ታዲያ የእናቴን ካሴት ለየትኛው ልስጥ? ለሚያንቀጠቅጠው ወይስ ለሚበላው? ወዳጅ ዘመድ ደግሞ ምክር አያልቅበትም፤ «ምን አስጨነቀህ፣ ወደ ስልክህ አስቀዳውና ስማው» ይለኛል። በምን ላስቀዳው? ለማስቀዳትም እኮ መጀመሪያ የሚያጫውት ካሴት ማጫወቻ ያስፈልጋል!