አክተሩ የማይደባደብበት ፊልም

ልጆች ሆነን የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት አንድ ሕግ ነበረው፤ አክተሩ አይሞትም። አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን፣ እንግሊዝኛው ሳይገባን፣ አክተሩ ሲደባደብ አብረነው እንደባደባለን። ክላሲክ ፊልም የሚባል ነገር መኖሩን የነገረን የለም። ቢነግረንስ ከየት እናመጣዋለን?

ዋሽንግተን ከመጣሁ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። እዚህ ሰበብ የለም። ቤተ መጻሕፍቱ ፊልም በነፃ ያውሳል። እኔ ግን አሥራ አምስቱን ዓመት ከሥራ ስገባ ሶፋ ላይ ተዘርሬ ቀላል ኮሜዲ ሳቀያይር ኖርኩ። ሲጠይቁኝ ድካም ነው እላለሁ። ግማሹ እውነት ነው።

አምና በበረዶው ሰሞን ወረቀት ፕሪንት ላደርግ ገብቼ «የብስክሌት ሌቦች»ን ይዤ ወጣሁ። ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1948 እ.ኤ.አ. የሠራው የጣሊያን ፊልም ነው። አንድ ሥራ አጥ ፖስተር የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ብስክሌት ግን ግድ ነው። የሱ ብስክሌት በመያዣ ተይዟል። ሚስቱ የአልጋቸውን አንሶላ ገፍፋ በምትኩ ታስይዛለች። ሠራተኛው ጥቅሉን ተሸክሞ መደርደሪያውን መውጣት ይጀምራል። ይወጣል፣ ይወጣል። እስከ ላይ ድረስ የሰው አንሶላ ነው! ስለ ድህነት ማንም አንድ ቃል አልተናገረም። መልሼ አየሁት።

ብስክሌቱ የሚሰረቀው ደግሞ ሰውየው የሆሊውዷን ሪታ ሄይዎርዝን ፖስተር ሲለጥፍ ነው። ሳቄ መጣ። እኔም አሥራ አምስት ዓመቴን የተሰረቅኩት እንደዚያው ነዋ። መሪ ተዋናዩ የፋብሪካ ሠራተኛ እንጂ የሙያው ሰው አልነበረም። አይደባደብም። መጨረሻ ላይ ልጁ እያየው ራሱ ሊሰርቅ ይሞክራል።

ሁለት ሥራ ለሚሠራው ጓደኛዬ እይው ብዬ ነገርኩት። «ሳምንቱን ሙሉ ሳለቅስ ከርሜ ቅዳሜም ላልቅስ?» አለኝ። ምን እመልስለታለሁ? አዲስ አበባ ላለው የእህቴ ልጅ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ማጠቃለያውን ስልኬ ላይ በሦስት ደቂቃ ጨረስኩት እኮ!» ድሮ አገር ቤት ምርጫ አልነበረንም፤ የከፈልንበትን ግን እስከ መጨረሻው እናይ ነበር። አሁን እዚያም እዚህም ሁሉ ነገር አለ፣ የሚጨርሰው ጠፋ።

የባሰው የኔ ነው። የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ያወቅኩት እዚሁ ነው። በአብዮቱ ሰሞን፣ ገበሬዎችን ይዞ፣ በጥቁርና ነጭ የተቀረፀ የራሳችን ፊልም፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ኃይሌ ለዓመታት ያስተማረው እዚሁ ከተማ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጆርጂያ ጎዳና ላይ ያለውን «ሳንኮፋ» የተባለ መጻሕፍት ቤቱን በመኪና ስንቴ አልፌዋለሁ! ቡና ቤት ይመስለኝ ነበር።

ስልኬን ኪችን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ የኃይሌን ፊልም ከፈትኩት። የመጀመሪያው ማታ እንቅልፍ ጣለኝ። በማግስቱ ከመጀመሪያው ጀምሬ ጨረስኩት።