ወላጅን ለክስ ብቻ የምትጠሩ ሁሉ፣ ተዉ

ርእሳነ መምህራን፣ ነባር መምህራን፣ ልጆቻችሁ በአንድ ክፍል አብረው የሚማሩ ወላጆችም ጭምር፣ ይህ ተግሳጽ ለእናንተ ነው። ጀማሪው መምህር የተማሪዎቹን ስም እንኳ በቅጡ ሳይለይ አካል ጉዳት ያለበት ልጅ ክፍሉ ይመደባል። የልጁን ወላጆች እንዴት እንደሚቀርብ ግን የሚነግረው የለም። ከዚያ አንድ ቀን ልጁ ጠረጴዛ ሲገለብጥ «ወላጅ አምጣ» ይባላል። እናትየው የትምህርት ቤቱን ቁጥር ስልኳ ላይ ስታይ የምትደነግጠው ከዚያ ቁጥር መልካም ወሬ ሰምታ ስለማታውቅ ነው። ይህን ያስለመድናት እኛ ነን፤ ኋላ «ወላጆቹ አይተባበሩም» ብለን የምንጽፈውም እኛው።

ወላጅን ማሳተፍ የመምህሩ ቸርነት አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣችው የአካል ጉዳተኛ ልጆች ትምህርት ሕግ ወላጅ የልጁን የትምህርት ዕቅድ ከሚያወጡት ሰዎች አንዱ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1994 በስፔን ስለ ልዩ ፍላጎት ትምህርት የወጣው የሳላማንካ መግለጫም የድርጊት ማዕቀፉ ውስጥ ለወላጆች አጋርነት ራሱን የቻለ ክፍል ሰጥቷል። የመጀመሪያው ሕግ ከወጣ ሃምሳ ዓመት ገደማ ሆኖታልና «አዲስ አሠራር ነው፣ ቀስ እንበል» የሚለውን ሰበብ አስቀምጡት።

ጀማሪውን የምትመክሩ ከሆነ ከሁሉ በፊት ይህን ምከሩት፦ የመጀመሪያው ንግግር ችግር ከመፈጠሩ በፊት ይሁን። ትምህርት በተጀመረ በሁለት ሳምንት ውስጥ አምስት ደቂቃ ስልክ ይበቃል። «ጎበዝ ልጅ ነው» አይበል፤ ወላጅ ይህን ከሁሉም ሰምቶ ጠግቦታል፣ ደግሞም ቀጥሎ «ግን» እንደሚመጣ ያውቃል። በዓይኑ ያየውን ይናገር፦ «ዛሬ ጓደኛዋ ማስመሪያ ስታጣ ማንም ሳያዛት የራሷን ሰጠቻት»። ከዚያ ይጠይቅ። ልጅቷ ምን ትወዳለች? ሲደክማት በምን ይታወቃል? ያለፈው ዓመት መምህር ካደረገው ውጤት ያመጣው ነገር ምንድን ነው? በየትኛው ሰዓት፣ በስልክ ነው በጽሑፍ ነው በድምፅ መልእክት ቢገኙ የሚመቻቸው? «ከተወለደች ጀምሮ ነው? ምን ሆና ነው?» ብሎ መጀመር ግን ነውር ነው። ያንን ታሪክ ወላጅ ለየሐኪሙ ሲደግመው ኖሯል፤ ነገ ለሚሰጠው የሒሳብ ትምህርት ደግሞ የሚጨምረው ጥቂት ነው።

ወላጅ ብቻ የሚያውቃቸው ነገሮች አሉ፤ እነዚህን ሳይጠይቁ ክፍል መግባት ድፍረት ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ከሆነ ሕመሙ በምን እንደሚጀምር፣ አብዛኛውን ጊዜ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ፣ መድኃኒቱ ምን እንደሆነና ማን ዘንድ እንዳለ ይጠየቅ። ወላጅና ሐኪም የተለየ መመሪያ ካልሰጡ 5 ደቂቃ ካለፈ አስቸኳይ እርዳታ ይጠራል፤ እስከዚያው በጎኑ ይተኛል፣ አፉ ውስጥ ምንም አይከተትም። ይህ በአንድ ገጽ ተጽፎ ተተኪ መምህር የሚያገኘው ቦታ ይቀመጥ፤ ጀማሪው የቀረ ቀን ወረቀቱ ከነቦርሳው ቤቱ ከዋለ እንዳልተጻፈ ነው። የመስማት ማገዣ የምታደርግ ልጅ ከሆነች የቱ ጆሮዋ እንደሚሻል ቤተሰቧ ያውቃል፤ መቀመጫዋም በዚያ ይወሰናል። የማገዣው ባትሪ በድንገት ያልቃል፤ ትርፉ ማን ዘንድ እንዳለ ካልታወቀ ልጅቷ ግማሹን ቀን «ትኩረት አትሰጥም» ተብላ ስትወቀስ ትውላለች። ንግግሩ የሚዘገይ ልጅ ለመመለስ ስንት ሰከንድ እንደሚፈልግ እናቱን ጠይቁ። አሥር ሰከንድ ከሆነ አሥር ሰከንድ ዝም ማለት ነው። ለጀማሪ መምህር ይህ ዝምታ እጅግ ረጅም ነውና ሰዓት እያየ ይለማመደው።

የልጁ የትምህርት ዕቅድ ስለሚወጣበት ስብሰባ ደግሞ እንገሥጻችኋለን። አምስት ባለሙያ በአንድ ወገን፣ አንዲት እናት በሌላው ወገን የምታስቀምጡበት ስብሰባ ችሎት እንጂ ምክክር አይደለም። ሥራው የግድ የማይላቸው ሰዎች ይቅሩ፤ የቀሩትም ከወላጅ ጎን እንጂ ከጠረጴዛ ማዶ አይደርደሩ። የሚነጋገሩበት ነጥብ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ወላጅ እጅ ይግባ፤ ሰው ይዘው መምጣት እንደሚችሉም አብሮ ይነገራቸው። የትምህርት ዕቅዱ ታትሞ፣ ማኅተም አርፎበት፣ ለፊርማ ብቻ ከቀረበ ወላጅ ይፈርምና ይሄዳል፤ ቤት ውስጥ ግን አንዱም አይሠራም። ረቂቁ ባዶ ቦታ ይኑረው፣ ወላጅ አስቀድሞ ይናገር፣ የተናገረውም እሱ ባለው ቃል ይጻፍ። ግቡም የሚለካ ይሁን። «ንባቡ ይሻሻላል» ማለት ለማንም ምንም አይነግርም፤ «እስከ ወሰነ ትምህርቱ ማብቂያ ከ10 የተለመዱ ቃላት 8ቱን ያለ እርዳታ ያነባል» ቢባል ግን አባትየውም ማታ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊያረጋግጠው ይችላል።

ወላጁ መስማት የተሳነው ከሆነ ወይም ሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ከሆነ አስተርጓሚ ይዘጋጅ፣ ጊዜውም እጥፍ ይያዝ። ልጁን ወይም ታላቅ እህቱን ማስተርጎም ተዉ። ልጅ በራሱ ላይ የሚነገረውን ክፉ ነገር ቀንሶ ያስተረጉማል፣ እህቱም ለእናቷ አዝና አንዳንዱን ትዘለዋለች። መምህሩ ሲናገር ዓይኑ ከወላጁ ላይ ይሁን፤ አስተርጓሚውን እያየ «እንዲህ በላቸው» ማለት ፊት ለፊት ያለን ሰው እንደሌለ መቁጠር ነው።

በቤትና በትምህርት ቤት መካከል የሚመላለሰው ደብተር ጥሩ ነገር ነበር፣ የክስ መዝገብ አደረግነው። «ዛሬም ጮኸ፣ ዛሬም ነከሰ» እየተባለ ሦስት ሳምንት ከተጻፈበት ደብተሩ «ይጠፋል»፤ ያጠፋው ደግሞ ብዙ ጊዜ ልጁ አይደለም። ሦስት መስመር ይብቃ፦ ምን ሠራ፣ ምን ከበደው፣ ከቤት የምንፈልገው አንድ ነገር። አንድ ብቻ! ከቤት የሚጠየቀው ሥራ ቤተሰቡ ያለዚያም በሚያደርገው ነገር ውስጥ ይግባ፤ ሲለብስ የታችኛውን ቁልፍ ራሱ ይቆልፍ፣ ሳህን ሲቀርብ ይቁጠር። ማታ ደክሞ የገባ ወላጅ ላይ የአንድ ሰዓት ልምምድ የምትጭኑ ሰዎች ውጤቱ ጠብ እንደሚሆን ማወቅ ነበረባችሁ። ማንበብ ለማይችል ወላጅ የድምፅ መልእክት ይላክ። ማንበብ ይችል እንደሆነ ግን በሰው ፊት አይጠየቅ፤ «በጽሑፍ ይሻልዎታል ወይስ በድምፅ?» ማለት ይበቃል።

ጀማሪው መምህር ልጁ ላይ አንድ ነገር ሲጠረጥር ደግሞ የበሽታ ስም ለወላጅ መስጠት ሥራው አይደለም። «ኦቲዝም ያለበት ይመስለኛል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር የአንድ ዓመት መተማመን ታፈርሳለች፣ ደግሞም ስህተት ልትሆን ትችላለች። ለሁለት ሳምንት ያየውን ይመዝግብ። «ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:10። የቡድን ሥራ ሲጀመር፣ ወንበሮች ሲጎተቱ። ጆሮውን ይዞ ጠረጴዛ ሥር ገባ። 6 ደቂቃ ቆየ። ጫጫታው ሲበርድ ራሱ ወጣ።» ይህን ለወላጅ አንብቦ «ቤትስ እንዲህ ታያላችሁ?» ብሎ መጠየቅ በር ይከፍታል። ወላጅ «ልጄ ምንም የለበትም» ቢል አትከራከሩት፣ «አልተቀበለም» ብላችሁም ስም አትስጡት። ምናልባት ቤቱ ጸጥ ያለ ስለሆነ በእርግጥም አላየ ይሆናል። ቀጠሮ ይዛችሁ በወር ውስጥ እንደገና ተነጋገሩ፣ መዝገቡም አይቋረጥ።

እናንተ የሌሎች ልጆች ወላጆች፣ «ይህ ልጅ የልጆቻችንን ትምህርት ይረብሻል» ብላችሁ ፊርማ የምታሰባስቡ፣ ልጁ እንዲወጣ ከመጠየቃችሁ በፊት ክፍሉ ረዳት መምህር እንዲያገኝ ለምን አትፈርሙም? በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ስለ አንድ ልጅ ሕመም መጻፍም፣ ሲያለቅስ የተነሣ ፎቶ መለጠፍም ይቁም። መምህሩም ቢሆን እዚያ ግሩፕ ውስጥ ስለ አንድ ልጅ አይመልስ።

ርእሳነ መምህራን፣ ይህ ሁሉ ያለ ጊዜ ምኞት ነው። ለጀማሪው በሳምንት ቢያንስ አንድ ክፍለ ጊዜ ለወላጅ ግንኙነት ብቻ ነፃ አድርጉለት፤ ሌላ ክፍል ሸፍን ተብሎም አይወሰድበት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ስብሰባዎች ነባር መምህር አብሮት ይቀመጥ፣ ነገር ግን ንግግሩን አይንጠቀው። ከመግባታቸው በፊት ከባዱን ዓረፍተ ነገር አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ ይሞክረው። ሲጨርሱ ነባሩ አሥር ደቂቃ ይስጠውና ወላጅ የቱ ላይ ዝም እንዳሉ አብረው ይመልከቱ። በማግስቱም ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ እንደሚሠራ በአጭሩ ለወላጅ ይላክ፤ ትምህርት ቤቱ ቃል የገባው ነገር ከዝርዝሩ አናት ላይ ይጻፍ።