ገና በስቶክሆልም፦ ጨለማው፣ ፈረቃውና ስልኩ

አገር ቤት የገና ጭንቀት ያለው ገበያ ላይ ነው። ዶሮው፣ ቅቤው፣ የልጆቹ ልብስ። ሰው ይማረራል፣ ይበደራልም፤ ግን ጎረቤት ለቡና ይጠራዋል፣ የቅርጫው ሥጋ እስኪመደብ ከሰው ጋር ቆሞ ያወራል። ስቶክሆልም ውስጥ ዶሮ መግዣ አይቸግርም፤ የሚከብደው ጨለማው ነው። ዲሴምበር 21 ቀን ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2፡45 ገደማ ትወጣና ገና 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ሳይነጋ ቤቱ ገብቶ ይተኛል፤ ሲነሳ መሽቷል። እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለው፣ ሰው ሲያስጠላው፣ ወዳጆቹ «ሰነፍክ» ይሉታል።

ለዚህ ጨለማ የሚሸጥ መብራት አለ፤ 10,000 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) የሚሰጠውን መምረጥ ነው። ብዙዎች የሚሸወዱት እዚህ ላይ ነው፦ አንዳንዱ ያን ያህል የሚሰጠው ፊት ሲጠጉት ብቻ ስለሆነ፣ በስንት ሴንቲ ሜትር ርቀት እንደተለካ ካርቶኑ ላይ ይነበብ። ከእንቅልፍ እንደተነሱ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ ዓይንን ከፍቶ፣ ግን አምፖሉ ላይ ሳያፈጥጡ። ከመኝታ በፊት ከተጠቀሙበት እንቅልፍ ይነሳል። የዓይን ሕመም ወይም ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ የሚወጣበትና የሚወርድበት የአእምሮ ሕመም) ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር፤ ባይፖላር ላለበት ስሜቱን ከልክ በላይ ሊያግለው ይችላል። ድባቴው ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ምግብና እንቅልፍ ከተዛባ፣ የስዊድን የጤና ምክር መስመር ወደሆነው 1177 ደውሎ መጠየቅ ነው። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ቀን አይቆጠርም፤ ወዲያው ወደ ድንገተኛ አደጋ ስልክ 112።

ጃንዋሪ 6 ስዊድን ውስጥ በዓል ነው፤ የእኛ ዋዜማ እዚያው ላይ ይውላል። ማኅሌት ያደረ ሰው ግን በማግስቱ ሥራ ይጠብቀዋል። ስለዚህ የ7ቱን ፈቃድ የፈረቃው ሰሌዳ ሳይወጣ፣ ኅዳር ላይ መጠየቅ ነው። አለቃው ዲሴምበር 25 አርፋችሁ የለም እንዴ ማለቱ አይቀርም፤ ያን ቀን እኔ ልሥራ ብሎ መለዋወጥ ብዙ ጊዜ ያስኬዳል።

ደክሞት ከሥራ የገባ ሰው ብቻውን አሥራ ሁለቱን ብልት ሊያወጣ ሲታገል ማየት ያሳዝናል፤ ለማን ነው? ቁሌቱን በጾሙ ውስጥ በዘይት ሠርቶ ፍሪዘር ማስገባት፣ ቅቤውን በዕለቱ መጨመር ይቻላል። አንዱ ቁሌት፣ ሌላው እንጀራ፣ ሦስተኛው እንቁላል ይዞ አንድ ቤት ቢሰባሰቡ ደግሞ የተሻለ ነው።

ስልኩም ዘዴ ይፈልጋል። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አሥር ሰው «እንኳን አደረሰህ» ብሎ ያልፋል፤ ሲዘጋ ቤቱ ይበልጥ ጭር ይላል። አገር ቤት ቡናው ሲቀራረብ ደውሎ ስልኩን ረከቦቱ አጠገብ አስደግፉልኝ ማለት፣ እዚህም ጀበና ጥዶ ከአቦል እስከ በረካ አብሮ መቆየት ይሻላል። በገና ሰሞን የሁለቱ አገር የሰዓት ልዩነት ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። የሚላከው ገንዘብ ግን ከበዓሉ ሳምንት አስቀድሞ ተቆርጦ ይላክ፤ በበዓሉ ቀን ጥሪ መሐል የተጠየቀ ሰው ከአቅሙ በላይ ቃል ይገባና ጃንዋሪን በዕዳ ይገፋል።